የእናቴ ሾፌር

የእናቴን እጅ ሊቆርጡ እንደሆነ የሰማሁት ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በጋሽ አክሊሉ መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ የተኛሁ መስዬ ተጋድሜ ነው።

በረዶ ይጥላል። ማሞቂያው የደነዘዙ የእግሬን ጣቶች እያፍታታቸው ነው። የኮፍያዬ ጠጉር አፍንጫዬን ይበላኛል፤ ነቅታለች እንዳይሉኝ ግን አላከውም። ማሚ ከፊት ተቀምጣለች። ሴንት ፖል ከተማ መሃል ካለ አንድ የካውንቲ ቢሮ ስትወጣ ነው የተቀበልናት። እዚያ ቢሮ አይዳ የምትባል ሐበሻ ትሠራለች፤ ማሚ ምክር ልትጠይቃት ስትገባ የከንፈር ቀለም ተቀብታ፣ ሻርፗን አስተካክላ ነበር። ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ ቀለሙ አልቋል።

«እሺ፣ ምን አለችሽ?» አላት ጋሽ አክሊሉ።

«ያው የፈራነውን ነዋ። ቤት ከገባህ ይቆርጡብኛል።»

«ሁሉንም?»

«አንዱን ቆርጠው ሌላውን የሚተዉልኝ መሰለህ? ከቆረጡብኝ ደግሞ እኔ ሞቼ ነው። አንተም ታውቀዋለህ።»

ይህን ስትል በቀኝ እጇ ግራ ክንዷን እያሻሸች ነበር። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይመላለሳል።

የማሚ ግራ ክንድ ከሌላ ሰው ክንድ ይለያል። ደም ሥሩ እንደ ገመድ አብጦ፣ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ፣ ከቆዳዋ ሥር ይጋደማል። ኩላሊቷ መሥራት ሲያቆም ሐኪሞች ለዲያሊሲሱ ብለው ሁለት ደም ሥር አገናኝተው የሠሩላት ነው። ሰው ፊት ሁልጊዜ ሹራብ ትለብስበታለች። ቤት ስንሆን ግን ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እጅጌዋን ትሰበስብና ጆሮዬን አስጠጋበታለሁ፤ እንደ ንብ ቀፎ ውስጡ ይጮኻል። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ወፋፍራም መርፌ ይተከልበትና ደሟ በማሽን ታጥቦ ይመለሳል። ያ ክንድ ከሌለ ማሚ የለችም። ይህን ለማወቅ ትልቅ ሰው መሆን አያስፈልግም።

አሁን ሃያዎቹን ላገባድድ ነው፣ ያን ቃልም ከስንት ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። በዚህ አገር ሐበሻ አማርኛ «ቆረጡብኝ» ሲባል የሚቆረጠው እጅ አይደለም። የቤት ኪራይ ድጎማ ነው፣ የሕክምና ካርድ ነው፣ በየወሩ የምትመጣ ትንሽ ገንዘብ ነው። ይህን እርዳታ በሚሰጠው የካውንቲ ቢሮ የምትሠራው አይዳ ያን ቀን ለማሚ ያስረዳቻት ይህንኑ ነበር፦ አክሊሉ ጠቅልሎ ከገባና እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ፣ ቢፈራረሙም ባይፈራረሙም፣ የሱ ደሞዝ የቤቱ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። ደሞዙ ድጋፉን ለማስቀረት ይበቃል፤ ዲያሊሲስ ለመክፈል ግን አይበቃም።

እኔ ግን ያኔ ሲቆረጥ የማውቀው ሽንኩርት፣ ጥፍርና ወረቀት ነው።

ጋሽ አክሊሉ መጀመሪያ ወደ ሕይወታችን የገባው በሥራው ነው። ሕሙማንን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ማሚ ከመታመሟ በፊት ብሩክሊን ፓርክ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር፤ አባቴ ገና ሳልራመድ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ስትታመም መኪናዋን ሸጠች፣ የቫኑ ኩባንያ ጋሽ አክሊሉን ላከላት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነበር። ሚስቱ አዲስ አበባ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። መጀመሪያ በር ላይ አድርሷት ይመለስ ነበር። ቀጥሎ ደረጃውን ደግፎ ያወጣት ጀመር። ከዚያ በዕረፍት ቀኑ በራሱ መኪና መጥቶ ከትምህርት ቤት እኔን ያመጣል፣ የወደቀ መጋረጃ ይሰቅላል፣ ማሚ ከዲያሊሲስ መልስ ደክሟት ስትጋደም ፓስታ ይቀቅልልኛል። ፓስታው ሁልጊዜ ጨው ይበዛበታል። ወደድኩት። ይህን መናገር አለብኝ፤ ከመኪናው ንግግር በፊት በጣም ነበር የምወደው።

ያን ቀን ግን ሰላሜን አጣሁ። እውነት የሰው አካል የሚቆርጡ ሰዎች አሉ? ጥያቄውን የመለሰልኝ ዲያሊሲስ ማዕከሉ ነው።

ትምህርት በሌለ ቀን ማሚ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ክፍሉ ይበርዳል፣ አልኮልና ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሰዎች በየወንበሩ ብርድ ልብስ ለብሰው ቴሌቪዥን ያያሉ። ከማሚ ወንበር ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ ሲያየኝ ከኪሱ የሚንት ከረሜላ ያወጣል። ያን ሳምንት ከረሜላውን ልቀበል ስጠጋ ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

ከረሜላውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ማንን ቤቱ አስገብቶ ይሆን? ሴት መሆን አለባት ብዬ አሰብኩ። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም፤ እያወቀ ለምን አስገባ?

ስኳር ሕመም እግርን ሊያሳጣ እንደሚችል የተማርኩት ሃይስኩል ገብቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አክሊሉን የማስወጣት ሥራ የኔ ሆነ። እራት በልተን ሶፋው ላይ ደገፍ ሲል ጃኬቱን ከመስቀያው አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «ጋሽ አክሊሉ፣ መሸ» እላለሁ። ጫማውን ወደ በሩ አዙሬ፣ ክሩን ፈትቼ አዘጋጃለሁ። እሱም ይስቃል። «እቺ ልጅ ፖሊስ ነው የምትሆነው» ይልና ይነሳል። ማሚ ታፍራለች፤ «እረፊ ሶሲ፣ እንግዳ እንዲህ አይባልም» ትለኛለች፤ ግን አታስቀረውም። እኔም ይህን አይቼ ልክ እንደሆንኩ አረጋግጣለሁ። ብትፈልግማ «ቆይ» ትለው ነበር።

በሩ ሲዘጋ ማሚ ብዙ ጊዜ እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ትቆም ነበር። እየቆለፈች ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ወር ትልቁ በረዶ መጣ። ትምህርት ቤቶች ከቀትር በፊት ለቀቁን። ከመስኮታችን ሲታይ የሰፈራችን የሜፕልዉድ ሞል መብራት እንኳ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኗል። ጋሽ አክሊሉ ማሚን ከሕክምና አምጥቷት፣ ጫማው ውስጥ በረዶ ገብቶ፣ ካልሲውን ማሞቂያው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሬዲዮው ማንም ሰው እንዳይነዳ እያለ ይለፍፋል።

«ሶፋው ላይ እደር» አለችው ማሚ። «ለአንድ ቀን ማን ያየናል?»

ማን ያየናል። የሚያዩ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ሄጄ እርጥብ ካልሲዎቹን አነሳሁና ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የልጅ ማልቀስ አልነበረም፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ በሩ ሥር ተንከባለልኩ። «ይሂድ፣ ይሂድ» እላለሁ በእንግሊዝኛ። ማሚ ልታነሳኝ ስትሞክር ያን ክንዷን ይዤ አልለቅም አልኩ።

ጋሽ አክሊሉ ቆሞ አየኝ። በፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ ቁጣ ነው ብዬ ነበር።

«ግድ የለም የሺ» አላት። «ልጅቷ ካልፈለገችኝ አልፈለገችኝም። ቀስ ብዬ እነዳለሁ።» እርጥቡን ካልሲ አድርጎ ወጣ።

ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ ጃኬቱ የልብስ ሳሙና ይሸት ነበር። ማሚ አቀፈችው፣ አሸተተችው። የት እንዳደረ ባለፈው ዓመት ነው እሱ ራሱ የነገረኝ። መኪናው ከፓርኪንጉ መውጫ ላይ በረዶ ይዞት፣ በመከራ ወደ ቦታው መልሶት፣ ወደ ሕንፃው ገብቶ፣ ደወላችንን ሳይደውል ምድር ቤት ወርዶ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማድረቂያ ማሽን ተደግፎ ነው ያደረው። ሳንቲም እየጨመረ ባዶውን ያሽከረክረው ነበር፣ ለሙቀቱ።

መኪናውን ግን ሌላ ሰው አይቶታል። እትዬ ባየሽ ከኛ ማዶ ባለው ሕንፃ ነበር የሚኖሩት፤ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት ሠርተው ጠዋት ሲመለሱ በፓርኪንጋችን ነው የሚያልፉት። ባለቤታቸው ጋሽ ኪዳኔ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሮዝቪል ውስጥ የፈረንጆችን ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ ተከራይተን ነበር የምናመልከው፤ ማሚም ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። ቆማ መዘመር ሲያቅታት ወንበር ያመጡላታል፣ ድምፅዋ ግን ቁጭ ብላም ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። እትዬ ባየሽ ሙዝ ይዘው ነበር። ማሚ ሻይ አፈላች፣ ጋሽ አክሊሉ ወንበር አቀረበ። እኔ ወደ መኝታ ቤት ተላክሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሳሎኑ የሚታይበት ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ።

«የሺሀረግ፣ ልንፈርድ አልመጣንም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ኪዳኔ። ድምፃቸው ደግ ነው፤ ለልጆች ታሪክ ሲያነቡ የሚያወጡት ድምፅ። «ግን ሰው ያያል። በመዘምራን ፊት የምትቆሚ እህት ነሽ። መኪናው በዚያ በረዶ ማግሥት እዚሁ በራችሁ ላይ ነበር።»

«በረዶው ላዩ ላይ ተከምሮ ሥሩ ደረቅ ነበር» አሉ እትዬ ባየሽ ወደ ምንጣፉ እያዩ። «ሌሊቱን ካልቆመ እንዲያ አይሆንም።»

ጋሽ አክሊሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ኪዳኔ፣ ያን ሌሊት እኔ...»

«ተወው አክሊሉ» አለች ማሚ።

ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።

«እኛ የምንለው ቀላል ነገር ነው» ቀጠሉ ጋሽ ኪዳኔ። «ወይ ተጋቡ፣ ወይ ተለያዩ። እስከዚያው ከመዘምራን አረፍ በይ። የጌታ ራትም ላይ እንዲሁ።»

ማሚ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እንዲህ አንገቷን የደፋችው ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ትናንት ዲያሊሲስ ነበረች። ጋሽ አክሊሉ ደግሞ ጣቶቹን አቆላልፎ ጉልበቱ መሃል ከቷቸዋል። ሰው ያላደረገውን አድርጓል ሲባልም ዝም ሊል ይችላል የሚል ነገር በጭንቅላቴ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ነገር አጥፍተዋል ብዬ ደመደምኩ።

«ደግሞስ ምን ያግዳችኋል?» አሉ ጋሽ ኪዳኔ፣ አሁን ፈገግ ብለው። «ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ። እኛ እናጋባችኋለን። አክሊሉም ጠቅልሎ ይግባና ቤቱ ቤት ይሁን።»

ይግባ ሲሉ ተነሳሁ።

ሳሎኑ መሃል ቆሜ «አይገባም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «ከገባ ይቆርጡባታል። ማሚ ራሷ ናት ያለችው፣ አይዳ ቢሮ የሄደች ቀን። ሁሉንም ነው የሚቆርጡት።»

«ምኗን?» አሉ እትዬ ባየሽ።

«እጇን።»

አራቱም አፈጠጡብኝ። ስላላመኑኝ መሰለኝ። «ጋሽ አክሊሉ እኛ ቤት አድሮ አያውቅም» ብዬ ጨመርኩ። «እኔ አላሳድረውም። ማታ ማታ አስወጣዋለሁ።»

ጋሽ ኪዳኔ ግራ ገብቷቸው ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ባየሽ ግን ገብቷቸዋል። ቀስ ብለው ሶፋውን፣ ግድግዳውን፣ ኩሽናችንን ቃኙ፤ ቤቱን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ይመስሉ ነበር።

«አይዳ... ያቺ የካውንቲዋ?» አሉ። «የሺ፣ ይሄ ቤት በሴክሽን ኤይት፣ በመንግሥት ድጎማ ነው እንዴ? ወንድምሽ ነው ከካናዳ የሚከፍልልኝ ስትዪን አልነበር?»

ማሚ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎተተች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልጅ ነበርኩና ደስ ብሏት ነው አልኩ። አድኛት የለ።

ጋሽ ኪዳኔ ሲገባቸው ፊታቸው በራ። «ነገሩ እንዲህ ነው እንዴ? ታዲያ ይሄ ምኑ ያሳፍራል? ስንቱ ወገናችን አይደል በመንግሥት እጅ ያለው?» ተነስተው አመስግነው ጸለዩ፤ እህታችንን ከሐሜት ስላወጣህልን እያሉ። እትዬ ባየሽ ሲወጡ ማሚን አቅፈው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ የኔ እናት» አሏት። ከዚያ በፊት «የኔ እናት» ብለዋት አያውቁም ነበር።

እናቴ ያን ቀን ለምን ዝም ብላ እንደተቀመጠች ለመረዳት ብዙ ዓመት ወስዶብኛል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃት፤ አብረን አንኖርም፣ የማንኖረውም ስለዚህ ነው ማለት። ግን ሁለት ስም ቀርቦላት ነበር፣ አመንዝራና ተረጂ፤ እሷ የመጀመሪያውን መረጠች። አመንዝራ ንስሐ ገብቶ ይመለሳል። ተረጂ የተባለ ሰው ግን ምን ገብቶ ይመለሳል? እሱም ያላደረገውን ኃጢአት ስለ እሷ ብሎ ተቀብሎ፣ ጣቶቹን ጉልበቱ መሃል ከትቶ ተቀመጠ። ማድረቂያ ማሽን ተደግፌ ነው ያደርኩት አላለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ አክሊሉ ፊቴ መጥቶ በርከክ አለ።

«ለዚህ ነው ጃኬቴን የምታመጪልኝ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸበትና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ሶሲዬ፣ የማሚን እጅ ማንም አይቆርጥም። እርዳታውን ነው የሚቆርጡት። ኪራዩን፣ ሕክምናውን። እጇን አይደለም።»

«ያው ነው» አለች ማሚ ከኩሽና። ስኒዎቹን እያጠበች ነበር፤ ዞራ አላየችንም።

በሚቀጥለው እሑድ ማሚን ወደ መዘምራኑ ጠሯት። ስሟ ጠርቷል፣ ነቀፋ የለባትም ተባለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ረጅም አቀፏት። ስንወጣ የጋሽ አክሊሉ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ በምእመናኑ ስጦታ ሞልቶ ነበር፤ ሩዝ፣ ዘይት፣ በጥቁር ላስቲክ የታጨቀ ልብስ። ከልብሱ ውስጥ ቆንጆ ሐምራዊ ካፖርት ነበረ። በሳምንቱ ለብሼው ሰንበት ትምህርት ቤት ገባሁ።

«የኔ ነው» አለች ሜቲ፣ የእትዬ ባየሽ ልጅ። አልተቆጣችም፣ እንዲያው ደስ ብሏት ነው። አንገትጌውን ገልጣ ስሟን ለሌሎቹ ልጆች አሳየቻቸው። «ድሮ የኔ ነበር። ማሚ ለነሱ እንስጣቸው አለችኝ።»

ለነሱ። ያን ቃል ተሸክሜው ወጣሁ። ማሚ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ካፖርቱን አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬው፣ ብርዱ ውስጥ በሹራብ ወደ መኪናው ስሄድ አየችኝ። ለምን አላለችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷና እኔ ያፈርነው በአንድ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ራሷን ያማት ጀመር። መዘምራኑ ሲደውሉ ድምፄ ተዘግቷል ትላቸው ነበር። አልተዘጋም፤ ሳህን ስታጥብ እሰማታለሁ።

ጋሽ አክሊሉ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገባ። የከተማ አውቶቡስ ነጂዎች ለቤተሰብ ጭምር የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ እንዳላቸው ከአንድ ባልደረባው ሰማ። ለፈተናው የሚጠናውን መጽሐፍ ይዞ መጣና ኩሽናችን ውስጥ ተቀመጠ። እንግሊዝኛው ሥራ የሚያሠራው ነበር፤ የፈተናው እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ ሲሳሳት ግንባሩን ይመታል። የመጀመሪያውን ወደቀ። ያን ቀን ማሚ «ተወው፣ እንዲሁ እንኖራለን» አለችው። «እንዲሁ ምን?» አላት። ደግሞ ተፈተነና አለፈ፤ የልምምዱንም ጊዜ ጨረሰ። ያ ሁሉ ሲሆን ማታ ማታ ጫማውን አድርጎ ወደ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወደ ኪራይ ክፍሉ ይሄድ ነበር፤ አሁን ማንም አያስወጣውም፣ ራሱ ይሄዳል። እኔም በመስኮት አየዋለሁ፣ የሚሄደው ለእኛ ብሎ እንደሆነ እያወቅሁ፤ ማወቄ አላቀለለኝም።

ፍርድ ቤት ሄደው የተፈራረሙት ኢንሹራንሱ የጸደቀ ሰሞን ነው። ማሚ የሥራ ልብስ የሚመስል ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች፤ ፎቶ አልተነሳንም። ወዲያው የሜፕልዉዱን ቤት አስረከበች። ከቢሮው ደውለው በርግጥ መልቀቅ ትፈልጊያለሽ ወይ፣ ተራው እንደገና አይገኝም አሏት። «እፈልጋለሁ» ስትል በእንግሊዝኛ፣ እኔ ሳላስተረጉምላት፣ ጮክ ብላ ነበር። ብሩክሊን ፓርክ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። የመጀመሪያው ማታ ጋሽ አክሊሉ እራት በልቶ ከተነሳ በኋላ ሳሎኑ መሃል ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

ጋሽ ኪዳኔ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻቸውን። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበርና ከሳሎን የሚያስወጣኝ አልነበረም። እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ ተጨዋወቱ።

«አክሊሉ» አሉ በመጨረሻ። «እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ቅዳሜ ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍሱልን ኖሮ ያን ሁሉ አንልም ነበር። ለምን ዝም አላችሁ?»

«ጋሽ ኪዳኔ፣ አይቆጡኝና» አለ ጋሽ አክሊሉ፣ «ያን ቀን ሲመጡ ጥያቄ ይዘው አልመጡም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ እኔም ጃኬቱን ሳመጣለት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ወደ ማሚ ዞሩ። «አንቺስ የሺሀረግ? ስምሽ ከጠራ በኋላ፣ ሁሉ ሰው እንደዚያ ካቀፈሽ በኋላ፣ ለምን ራቅሽን? ወንበርሽ እዚያው ነው።»

ማሚ ክንዷን ጭኗ ላይ አሳርፋ ነበር። ቤታችን ስለነበረች ሹራብ አልለበሰችበትም።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ በኃጢአት ስትቀጡኝ ችዬው ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ያልቻልኩት ስታዝኑልኝ ነው።»

ጋሽ አክሊሉ ተነስቶ ውሃ ቀዳላቸው። ግማሹን ጠጡና ብርጭቆውን አስቀምጠው ተነሱ። ሽማግሌ ከሰው ቤት ሲወጣ ጸልዮ ነው የሚወጣው፤ እኛም ለዚያ ተነስተን ቆምን። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አንስተው በሩ ድረስ ሄዱና፣ ሳይዞሩ፣ «እናንተ ጸልዩልኝ» ብለው ወጡ።